ማክሰኞ ጠዋት ማን ይለጥፋል? የአማርኛ ዌብሳይት ሲስተም አመራረጥና አሠራር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ማኅበር ዌብሳይት ሠራሁ። ሲስተሙን ከባዶ ተነስቼ ራሴ ነበር የጻፍኩት። ርክክቡ ቀን ተጨበጨበልኝ። በሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት የማኅበሩ ጸሐፊ አንድ ማስታወቂያ በቴሌግራም ላከችልኝ፦ "እባክህ ይችን አውጣልኝ።" አወጣሁላት። በሚቀጥለው ማክሰኞም እንደዚያው። ለካ የሠራሁት መጻፊያ ገጽ በስልክ ሲከፈት ግማሹ ከስክሪኑ ውጭ ይቀራል። እሷ ደግሞ ያላት ስልክ ብቻ ነው። እኔ ሥራ በዛብኝ፣ እሷ መላክ ሰለቻት። "አዲስ ዜና" የሚለው ርዕስ ሥር አሮጌ ዜና ተቀምጦ ቀረ።

ስህተቱ የኔ ነበር። ሲስተሙን ስመርጥ ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለአነስተኛ ድርጅት፣ ለማኅበር፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለመጽሔት የአማርኛ ዌብሳይት ለምትሠሩ ነው። የይዘት ማስተዳደሪያ ሲስተም፣ ማለትም ሲ ኤም ኤስ፣ ኮድ የማይጽፍ ሰው ገብቶ ጽሑፍና ፎቶ የሚያወጣበት መሣሪያ ነው። ሁሉንም ነገር ከዚያ ሰው ጀምሩ።

ደረጃ 1፦ ከሚለጥፈው ሰው ጋር ቡና ጠጡ

ኮምፒውተር አትክፈቱ። ወረቀት ያዙና ጠይቁ። ባለፈው ወር ምን ምን አወጣችሁ? በምን ጻፋችሁት? ከመውጣቱ በፊት ማን ያየዋል? በስንት ቋንቋ ነው? "ወደፊት ምን ትፈልጋላችሁ" ብላችሁ አትጠይቁ። እሱን ከጠየቃችሁ ቪዲዮ፣ ፎረም፣ ኦንላይን ሱቅ ይዘረዘርላችኋል፤ አንዱም አይሠራበትም። ያለፈው ወር ግን አይዋሽም።

ወረቀቱ ላይ የሰፈረው "ስለ እኛ፣ አድራሻ፣ ስልክ" ከሆነና ዜናው በዓመት ሁለት ጊዜ ከሆነ፣ ሲ ኤም ኤስ አያስፈልጋችሁም። አንድ ቋሚ ገጽ ሥሩ፤ ዜናው ቴሌግራም ቻናል ላይ ይውጣ። በዚህ ምክር ምክንያት ሥራ አምልጦኝ ያውቃል። ግድ የለም።

ደረጃ 2፦ ዕጩዎቹን እወቁ

ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ነፃ ሶፍትዌር ነው። በዓለም ካሉ ዌብሳይቶች ከአሥሩ አራቱ ገደማ በእሱ እንደሚሠሩ ይገመታል። ለእኛ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ቁጥር ሳይሆን ውጤቱ ነው፦ አዲስ አበባ ውስጥ ዎርድፕረስ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ቀላል ነው። እናንተ ብትታመሙ ወይም አገር ለቃችሁ ብትሄዱ ሥራውን የሚረከብ አይጠፋም። ዳሽቦርዱ በስልክ ይከፈታል፤ አፕም አለው። አንድ ነገር ብቻ አትሳቱ፦ በዎርድፕረስ ስም ሁለት ነገር አለ። አንደኛው አውርዳችሁ በራሳችሁ ሆስቲንግ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት የኪራይ ሰርቨር) ላይ የምትጭኑት ሶፍትዌር ነው። ሌላው ደግሞ በዶት ኮም የሚያልቀው፣ በኪራይ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። ደንበኛ "ዎርድፕረስ አለን" ሲላችሁ የቱን እንደሆነ ጠይቁ።

ድሩፓል ከ2001 ጀምሮ ያለ ጠንካራ ሲስተም ነው። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን የሚያወጣ ትልቅ ተቋም ከሆናችሁ እዩት፤ የብዙ ቋንቋ አሠራሩ ከውስጡ የተሠራ ነው። ዎርድፕረስ ለዚህ ፕለጊን፣ ማለትም ተጨማሪ ተቀጥላ፣ ይፈልጋል። ግን ድሩፓል ቋሚ ባለሙያ ይጠይቃል። ድሩፓል 7 የሚደረግለት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ከ7 ወደ ቀጣዩ መሻገር ደግሞ ማደስ ሳይሆን እንደ አዲስ መሥራት ነው። ቤታችሁ ውስጥ እሱ ካለ ቅድሚያ ለዚህ ስጡ። ጁምላ? አሁንም አለ። አዲስ ስትጀምሩ ግን እሱን የምትመርጡበት ምክንያት አይታየኝም።

ጎስት ለጽሑፍና ለኢሜይል ጋዜጣ የተሠራ ነው፤ መጻፊያው እጅግ ያምራል። ከአንባቢ ክፍያ የሚሰበስበው ስትራይፕ በሚባለው የኦንላይን ክፍያ አገልግሎት ነው፤ ስትራይፕ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ነጋዴ አገልግሎት አይሰጥም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሆናችሁ ለአማርኛ አንባቢ የምትጽፉ ከሆነ ግን ጎስትን ሳታዩ አትለፉ።

ሁጎን የመሰሉ ሲስተሞች ዳታቤዝ፣ ማለትም የመረጃ ቋት፣ የላቸውም። ጽሑፉን ፋይል አድርጋችሁ ታስቀምጣላችሁ፣ ሲስተሙ ገጽ አድርጎ ያወጣዋል። ፈጣን ነው፣ የሚሰበር ነገር የለውም፣ ሆስቲንጉም ርካሽ ነው፤ አንዳንዴም በነፃ ይገኛል። ለራሴ የምጠቀመው ይሄንን ነው። ለማኅበሩ ጸሐፊ ግን አልሰጣትም።

እንደ ዊክስ ያሉ ጎትተህ-አስቀምጥ አገልግሎቶች ሲጀመሩ ይቀላሉ። ክፍያቸው በውጭ ምንዛሬ ነው። መልቀቅ ስትፈልጉ ደግሞ ዌብሳይቱን ነቅላችሁ ሌላ ቦታ መትከል አትችሉም።

ደረጃ 3፦ የአንድ ሰዓት የአማርኛ ፈተና

አብዛኛው ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል። የማሳያ ገጹን በእንግሊዝኛ አይቶ "በጣም አሪፍ ነው" ይልና ይገዛል። ሲስተሙን የሙከራ ቦታ ላይ ጫኑትና እውነተኛ የአማርኛ ጽሑፍ አስገቡበት።

መጀመሪያ አድራሻው። ዎርድፕረስ ርዕሱን ወስዶ የገጹ አድራሻ ያደርገዋል። ለዚህ የተመደበው ቦታ 200 ምልክት ነው። ብዙ ይመስላል። ግን አንዷ የግዕዝ ፊደል በአድራሻ ውስጥ ስትጻፍ ዘጠኝ ምልክት ትሆናለች፦ ሦስት የፐርሰንት ምልክትና ስድስት ቁጥር ወይም የላቲን ፊደል። ስለዚህ የሚገባው 22 ፊደል ያህል ብቻ ነው። "የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ በመስከረም ወር ይካሄዳል" ብላችሁ ብታወጡ፣ አድራሻው "የማኅበሩ-ጠቅላላ-ጉባኤ-በመስከረም-ወር-ይ" ላይ ይቆረጣል። "ይ" ብቻዋን ተንጠልጥላ ትቀራለች። ያንን ሊንክ ኮፒ አድርጋችሁ ለሰው ስትልኩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በፐርሰንት የታጨቀ ረጅም ሰንሰለት ነው፤ የሚያየው ሰው ቫይረስ ይመስለዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት አድራሻውን በእጃችሁ በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት ቃል አድርጉት። ለጸሐፊዋም ይህችን አሳዩአት።

ቀጥሎ ፍለጋው። "ፀሐይ" የሚል ቃል ያለበት ጽሑፍ አስገቡና "ጸሀይ" ብላችሁ ፈልጉ። አይገኝም። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ የማይተዋወቁ ፊደሎች ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐም እንደዚያው። ርካሹ መፍትሔ ስምምነት ነው፦ "እኛ ዓለም የምንጽፈው በዓይኑ ዓ ነው" ብላችሁ ሃያ ሠላሳ ቃል የያዘ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ሲገርመኝ የኖረ ነገር ግን አለ። የዎርድፕረስ ተራ ፍለጋ የሚሠራው በቃል ሳይሆን በፊደል ቅደም ተከተል ነው። "ኢትዮጵያ" ስትሉት "በኢትዮጵያ"ንም "ለኢትዮጵያውያን"ንም ያገኛል። የተራቀቁት፣ ቃል በቃል የሚያመሳስሉት የፍለጋ ሲስተሞች ደግሞ "በ" እና "የ" ሲቀጠል ቃሉ ይጠፋባቸዋል። እንግዲህ ለአማርኛ ተራው ሊሻል ይችላል። ውድ የፍለጋ ፕለጊን ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሩት።

ከዚያ መልኩን ተመልከቱ። ብዙ ቴም፣ ማለትም ዝግጁ የዌብሳይት መልክ፣ ጥቅስን ያጋድማል። አማርኛ ደግሞ የተጋደመ ፊደል የለውም፤ ብሮውዘሩ በግድ ሲያጋድመው ፊደሎቹ ነፋስ የመታቸው ይመስላሉ። ጥቅሱን ቀጥ አድርጉት። የመስመር ርቀቱንም ከፍ አድርጉ፤ ለእንግሊዝኛ 1.5 የሚበቃ ከሆነ ለእኛ 1.7 ወይም 1.8 ይሻላል። ጽሑፉን በሁለቱም ጠርዝ እኩል አታድርጉት። ቃሎቻችን ረጅም ስለሆኑ በስልክ ላይ በመሃል ጉድጓድ ይፈጠራል። ፎንት ካስፈለገ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ አለ። የምትጭኑት አንድ ወይም ሁለት ውፍረት ብቻ ይሁን፤ የአንባቢው ዳታ ነው የሚቆረጠው።

አንዲት ትንሽ ነገር ደግሞ አለች። ከአራት ነጥብ በፊት ስፔስ የሚያደርግ ጸሐፊ ካለ፣ በስልክ ላይ አራት ነጥቡ ብቻውን ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። የዚህ መድኃኒቱ ሲስተም ሳይሆን ምክር ነው። በአራት ነጥብ ፋንታ ሁለት ጊዜ ኮለን የሚመቱም አሉ፤ እነሱንም በፍቅር ያዙአቸው።

በመጨረሻ ዳታቤዙ። ኢንኮዲንጉ፣ ማለትም ፊደል የሚቀመጥበት ኮድ፣ ዩቲኤፍ-8፣ በተለይ ኤምቢ4 የሚባለው ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። አሮጌ ሆስቲንግ ላይ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ዌብሳይት ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ስታዛውሩ አማርኛው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ከመጣ አትደንግጡ፤ መረጃው አለ፣ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ዳታቤዙ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ድርድር ሆኖ ከተቀመጠ ግን ፊደሉ ጠፍቷል። የሚያድናችሁ ባክአፕ ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ ቁልፉ በማን ስም ነው?

ዶሜይኑ፣ ማለትም የዌብሳይቱ ስም፣ በድርጅቱ ስምና በድርጅቱ ኢሜይል ይመዝገብ። በእኔ በሠሪው ስም አይሁን፤ በሊቀመንበሩ የግል ኢሜይልም አይሁን፤ ሊቀመንበር ይወርዳል። በዶት ኢቲ የሚያልቀውን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ዶት ኮም ከሆነ ከውጭም፣ በብር ከሚያስከፍሉ የአገር ውስጥ ሻጮችም ይገኛል።

የተለመደው መንገድ ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ እንዲከፍል ማድረግ ነው። ይሠራል፤ ካርዱ እስኪቀየር ድረስ። ከዚያ የማስጠንቀቂያው ኢሜይል ለዘመድ ይደርሳል፣ ዘመድ ሥራ ላይ ነው፣ ዶሜይኑ ያልፍበታል። ዶት ኮም ጊዜው አልፎ የእፎይታው ቀን ካበቃ በኋላ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለው፤ ያኔ የሚጠየቀው ክፍያ ግን ከመደበኛው እድሳት ብዙ ይበልጣል። ስለዚህ በተቻለ መጠን የብዙ ዓመት አንድ ላይ ክፈሉ። የሚያበቃበትንም ቀን የሒሳብ ሠራተኛዋ ካሌንደር ላይ ጻፉ።

ደረጃ 5፦ ከጫናችሁ በኋላ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት

ዎርድፕረስን መረጣችሁ እንበል። ሆስቲንጉ በአንድ ጠቅታ ይጭንላችኋል። የአስተዳዳሪውን ስም "አድሚን" አትበሉት። ሰብሮ ለመግባት የሚሞክረው ሮቦት መጀመሪያ የሚገምተው ያንን ነው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሴቲንግ ግቡና የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ አድርጉ። ይህን ረስቼ አላውቅም፤ የረሳሁት ሌላውን ነው። አንድ ጊዜ የስብሰባ ጥሪ "ጠዋት 2 ሰዓት ይውጣ" ተባልኩ። 2፡00 ብዬ ሞላሁና ተኛሁ። ሲስተሙ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው። ጥሪው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ወጣ፤ ከቴሌግራም ጋር የተያያዘ ስለነበር የአባላቱ ስልክ ሁሉ ጮኸ። ጠዋት 2 ሰዓት ማለት እዚያ ሳጥን ውስጥ 8፡00 ነው። ጸሐፊዋ ስክሪን ጎን በወረቀት ይለጠፍ። በነገራችን ላይ ዎርድፕረስ ቀጠሮ የተያዘለትን ጽሑፍ የሚያወጣው ሰው ዌብሳይቱን ሲጎበኝ ነው። ጎብኚ የሚያንሰው ዌብሳይት ላይ ቀጠሮው ሊያልፍ ስለሚችል፣ ሆስቲንጋችሁ ክሮን ጆብ (ሥራን በሰዓቱ በራሱ የሚያስነሳ መሣሪያ) ካለው በእሱ አስነሱት።

ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት ከፈለጋችሁ ስሌቱን ራሳችሁ አትጻፉ። ዎርድፕረስ የተጻፈበት ቋንቋ፣ የፒኤችፒ፣ ኢንትል ኤክስቴንሽንም ሆነ የዛሬ ብሮውዘሮች የእኛን ካሌንደር ያውቁታል። ፕለጊን ከተጠቀማችሁ ደግሞ በሁለት ቀን ፈትኑት፦ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሆኖ መታየት አለበት፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ደግሞ መስከረም 1 ቀን 2017። አንዱን ከሳተ ጣሉት።

ለጸሐፊዋ "ኤዲተር" የሚለውን ሥልጣን ስጡ። ሴቲንግና ፕለጊን አይታያትም፤ በስህተት ሲስተሙን አታበላሸውም። ፎቶ ከመጫኑ በፊት ወደ 1600 ፒክስል ገደማ ይቀነስ። ዎርድፕረስ ከ2560 ፒክስል በላይ የሆነውን ራሱ ይቀንሳል፣ ግን ዋናውንም ያስቀምጠዋል። በስልክ የተነሱ መቶ ፎቶዎች ሆስቲንጉን ሲሞሉት አይቻለሁ።

ስለ ፕለጊን፦ አምስት ስድስት ይበቃል። ክራክ የተደረገ ቴም ግን በፍጹም። በሃርድ ዲስክ የሚዞረው፣ "ፕሪሚየም ነው በነፃ ውሰድ" የሚባለው ቴም ውስጡ ብዙ ጊዜ ሌላ እንግዳ ይዞ ይመጣል። ከሁለት ወር በኋላ የትምህርት ቤቱ ዌብሳይት ወደ ቁማር ገጽ ይመራል፤ ወላጅ ይደውላል። ነፃ ቴም ከፈለጋችሁ የዎርድፕረስ የራሱ ማከማቻ ውስጥ በሺዎች አሉ።

ደረጃ 6፦ ራሴ ልሥራው ለምትሉ

አልከለክልም። ይዘታችሁ ከተለመደው "ዜናና ገጽ" የራቀ ከሆነ፣ ለምሳሌ የቃላት መዝገብ ወይም የቆዩ የብራና ሥዕሎች ስብስብ ከሆነ፣ መሥራት ያዋጣል። በፓይተን ቋንቋ የተሠራውን ጃንጎ የተባለ የዌብሳይት መሥሪያ እመክራለሁ። የተወለደው አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ በአንድ የጋዜጣ ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በነፃ ተለቀቀ። ከጋዜጠኛ ጋር ተቀምጦ የተሠራ ስለሆነ የአስተዳዳሪ ገጹን ራሱ ያዘጋጅላችኋል። መግቢያ፣ ዝርዝር፣ ማስተካከያ ቅጽ፣ ሁሉም አለ። እኔ ያኔ ይህን ከባዶ ልጻፍ ብዬ ነው መከራዬን ያየሁት።

በአማርኛ ግን የሚያሰናክል ወጥመድ አለው። አድራሻ የሚያወጣው ክፍል ካልተነገረው በስተቀር ከላቲን ውጭ ያለውን ፊደል ሁሉ ይጥላል። "ሰላም" ብትሰጡት ባዶ ይመልስላችኋል። የመጀመሪያው ጽሑፍ ባዶ አድራሻ ይይዛል፣ ሁለተኛውም ባዶ፤ ከዚያ ይጋጫሉ። ዩኒኮድ እንዲቀበል የሚያደርግ ማብሪያ አለው፤ አብሩት፣ ወይም አድራሻውን በእጅ አስሞሉ።

ጥቅሙ ደግሞ ፍለጋው ላይ ይታያል። እያንዳንዱ ጽሑፍ ሲቀመጥ ጎን ለጎን አንድ ድብቅ ቅጂ አስቀምጡ። በዚያ ቅጂ ላይ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይቀየሩ፤ ከነዘራቸው፣ ሰባቱም። ሀ እና ሃን፣ አ እና ኣንም አንድ አድርጓቸው። አንባቢው የሚፈልገውን ቃልም እንዲሁ ቀይሩና ከድብቁ ቅጂ ጋር አመሳስሉ። አንባቢው የሚያየው ጽሑፍ አይነካ፤ የጸሐፊው ፊደል የጸሐፊው ነው። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ደረጃ 7፦ ባክአፕ፣ እና የባክአፑ ፈተና

በየሳምንቱ ፋይሉም ዳታቤዙም ይቀመጥ፤ ያውም ሆስቲንጉ ላይ ሳይሆን ሌላ ቦታ። ሆስቲንጉ ሲዘጋ አብሮ የሚዘጋ ባክአፕ ባክአፕ አይደለም። በስድስት ወር አንዴ ከዚያ ባክአፕ ተነስታችሁ ዌብሳይቱን ሌላ ቦታ ላይ አስነሱት። አማርኛው በትክክል ከተነበበና ፎቶዎቹ ከታዩ ጨርሳችኋል።

ደረጃ 8፦ ርክክብ

የስልጠና ሰነድ አትጻፉ፤ ማንም አያነበውም። ለጸሐፊዋ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃታል፦ መግቢያው፣ አድራሻውን በላቲን ማሳጠር፣ 8፡00 ማለት ጠዋት 2 ሰዓት መሆኑ፣ ፎቶ መቀነሻው። ከዚያ ማክሰኞ ጠዋት ሂዱና አጠገቧ ተቀመጡ። በራሷ ስልክ፣ በራሷ ዳታ፣ የዕለቱን እውነተኛ ማስታወቂያ ታውጣ። እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። "እዚህ ጋ ንኪ" አትበሉ። የት እንደቆመች፣ የትኛውን ቁልፍ ፈልጋ እንዳጣች ብቻ ጻፉ። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ከቆመች የሚስተካከለው ያ ቦታ ነው። ቤት ገብታችሁ አስተካክሉት፣ በሚቀጥለው ማክሰኞም ሂዱ። የቀረውን ክፍያችሁን የምትቀበሉት ሦስተኛው ማክሰኞ ላይ፣ ሳትጠሯት ራሷ ለጥፋ ስትጨርስ ይሁን።